መንዝ፦ በጉ፣ ገብሱና የጓሳ ሣር

ከአዲስ አበባ የደሴን መንገድ ይዞ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ከዋናው መንገድ ወደ ግራ የታጠፈ ሰው መንዝ ይገባል። መጀመሪያ የሚቀበለው ብርዱ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለው ይህ ደጋ ማማ፣ ላሎና ገራ በሚባሉ የጥንት አባቶች ስም ለሦስት ተከፍሎ የኖረ አገር ነው። ወረዳዎቹ ዛሬም መንዝ ማማ፣ መንዝ ላሎ፣ መንዝ ገራ እየተባሉ ይጠራሉ። የሸዋ መሳፍንት የዘር ሐረግ የሚቆጠርላቸው አቤቶ ነጋሲ ክርስቶስ የተነሱትም ከዚሁ ነው። ታሪኩን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔ እዚህ የምጽፈው ግን ሰዉ በዚያ ብርድ ውስጥ በምን እንደሚኖር ነው።

በአጭሩ፣ በገብስና በበግ ይኖራል። ጤፍ ከፍ ባለው ደጋ አይሆንም፤ ስለዚህ እንጀራውም፣ በሶውም፣ ቆሎውም፣ ጠላውም የገብስ ነው። ባቄላ፣ ስንዴና ምስርም ይዘራል። ችግሩ ውርጭ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ካደረ፣ ትናንት አረንጓዴ የነበረ የባቄላ ማሳ ጠዋት ጠቁሮ ሊገኝ ይችላል። ብዙው ሰው በልግንም ክረምትንም አይቶ ነው የሚያርሰው። የበልጉ ዝናብ ደግሞ እምነት የሚጣልበት አይደለም፤ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይቀራል። ታዲያ ሰብል ሲከዳ ቤቱን የሚያቆመው በጉ ነው።

የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ላቱ ወፍራም፣ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ብርድ የማይበግረው። ለማዳበሪያ ገንዘብ ሲያስፈልግ በግ ይሸጣል። ለልጅ ደብተርና ልብስም ያው። ሙክት ያለው ሰው ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ጠብቆ ነው የሚያወጣው፤ ያኔ ዋጋው ይሻላልና። ጠጉሩም አይጣልም። በጉ ይሸለታል፣ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ወንዶች ሸምነው ባናና በርኖስ ያወጡታል። ጥሩ ባና ለብሶ መንዝ ያደረ ሰው ሌላ ብርድ ልብስ አያምረውም። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና ሌሎች ተቋማት ከገበሬው ጋር ሆነው በጉን የማሻሻል ሥራ ይዘዋል። መንደሩ የተሻለውን አውራ በግ ራሱ ይመርጥና በጋራ ይጠቀምበታል። ይህ አሠራር በጣም ያስደስተኛል፤ ምክንያቱም የመንዝ ሰው አብሮ መጠበቅን ከማንም አልተማረም። ለዚህ ምስክሩ ጓሳ ነው።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የሣር አምባ ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ከዝናብ የሚከልል ጌሳ ይሠራበታል፣ ፍራሽም ይሞላበታል። ለማገዶ አስታና ጨረንፌ የሚባሉ ቁጥቋጦዎች አሉ። ከዚያ የሚነሱት ምንጮች ከፊሎቹ ወደ ዓባይ፣ ከፊሎቹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በዓለም ላይ ቁጥሩ ከ500 ገደማ የማያልፈው ቀይ ቀበሮም እዚህ አለ፤ የሚበላው በአብዛኛው አይጥ ስለሆነ ከእረኛው ጋር ብዙም አይጣላም። ጭላዳ የሚባለው ዝንጀሮ ደግሞ በመንጋ ሆኖ ሣር ሲነቅል ይውላል።

ይህን ሁሉ ያቆየው ቀሮ የሚባለው ሥርዓት ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። አስቦና ገራ የተባሉ ሁለት አባቶች መሬቱን ያዙ፣ ተወላጆቻቸውም ባለመብት ሆኑ። በየአጥቢያው የተደራጀው ሕዝብ መሪ ይመርጥ ነበር። መሪው ጓሳውን ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋው ነበር። በዚያ ጊዜ ማጨድም፣ ከብት ማሰማራትም፣ እንጨት መልቀምም ክልክል ነበር። ሣሩ መድረሱ ሲታይ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ቦታ ይታወጅ ነበር፤ ሰዉም ማጭዱን ይዞ ይወጣ ነበር። ክረምቱ ሲገባ፣ ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ እንደገና ይዘጋ ነበር። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ከብት የሚተርፍበት ቦታ ይኸው የተዘጋው ጓሳ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ሲታወጅ ቀሮም አብሮ ፈረሰ። አዋጁ ለጭሰኛው ትልቅ ነገር ነበር፤ በርስት ሥርዓቱ ከጓሳ ውጭ የነበሩ ሰዎችም መግቢያ አገኙ። ለሣሩ ግን ጥሩ አልሆነም። የሁሉም ሲሆን የሚጠብቀው ጠፋ፣ ማጨዱም ግጦሹም በዛ። ቆይቶ ሕዝቡ ራሱ ከየቀበሌው ሰው መርጦ ኮሚቴ አቋቋመ፣ ደንብ አወጣ፣ ጥበቃውን መለሰ። የክልሉ መንግሥትም በኋላ ቦታውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አጸናው። የድሮውን ቀሮ አንድ በአንድ መልሰውታል ማለት አይቻልም፤ ዋናው ሐሳብ ግን፣ ማለትም ዘግቶ ማሳደግና በጊዜው ከፍቶ መካፈል፣ ያው ነው። ከማኅበረሰቡ ሎጅ የሚገኘው የእንግዳ ገቢም ለሕዝቡ ይውላል።

ሌላው ኑሮም በዚሁ መንፈስ ነው የሚሄደው። አጨዳና ውቂያ በደቦ ወይም በወንፈል ይደረሳል። ለቅሶ የዕድር ነው። ወር በገባ ቁጥር በጻድቁ ወይም በመልአኩ ቀን ማኅበር ይጠጣል፣ እሑድ ሰንበቴ አለ። እዚያ ጠላው ሲቀዳ ነው የድንበር ክርክር የሚነሳው፣ ሽማግሌ የሚሰየመው፣ የማን በሬ እንደታመመ የሚታወቀው። ብዙ ወጣት ሥራ ፍለጋ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። የእርሻ መሬቱ እየጠበበ ነው፣ ለልጅ የሚቆረስ የለም።

አሁን ደግሞ ቆርቆሮ እየበዛ ነው። ሣር ክዳን የነበረው ቤት ሁሉ እየተለወጠ ነው፣ ባሕር ዛፉም ማገዶና አጣና ሆኖ ይሸጣል። ሰው ቤቱ እንዳያፈስበት መፈለጉ ተገቢ ነው። ግን አንድ ወጣት ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ገመዱ ፕላስቲክ ከሆነ፣ ሣሩን ለምን አምስት ዓመት እንደሚጠብቅ አባቱ የሚነግረው ምክንያት እያነሰ ይሄዳል። የጥበቃ ኮሚቴው በየቀበሌው ስብሰባ ሲጠራ ከሽማግሌዎቹ ጎን እነዚህን ልጆችም ማስቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው።