የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ ላይ «ኢንስፔክተር መጣ» ሲባል ብዙው ነጋዴ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ግብር ነው። ደረሰኝ ይፈላለጋል፣ ንግድ ፈቃድ ይወለወላል። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ግን የሽያጭ ነገር አያስጨንቀውም። ማን ይሠራል? ስንት ሰዓት? ስንት ይከፈለዋል? ማሽኑ ቢይዘውስ? እሱ የሚያጣራው ይህንን ነው።

የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ማለት የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ በሥራ ቦታው ላይ መፈጸሙን የመንግሥት ባለሙያ በአካል ሄዶ የሚያይበት ሥራ ነው። ሕጉ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። ተቆጣጣሪው በሥራ ሰዓት ሳያስታውቅ መግባት ይችላል። መዝገብ ያያል፣ ሠራተኛውን ለብቻው ያነጋግራል። «ሲመጡ እናስተካክላለን» እዚህ ላይ አያዋጣም።

ወፍጮ ቤትን እንውሰድ። ቢቸናም ሂዱ ፍኖተ ሰላም፣ ከሞተሩ ወደ ድንጋዩ የሚዞረው ቺንጋ ብዙ ጊዜ ራቁቱን ነው። ከጎኑ ጤፍ ያዘለች፣ ነጠላዋ የተንጠለጠለ እናት ወረፋ ትጠብቃለች። ፈጪው ጋቢውን እንደደረበ ጎንበስ ብሎ እህል ያፈሳል። ጨርቅ ቺንጋ ከያዘው እጅን አስከትሎ ነው የሚሄደው። ሕጉ አሠሪው የሥራ ቦታውን ከአደጋ እንዲጠብቅ፣ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥና አጠቃቀሙንም እንዲያሳይ ያስገድዳል። እዚህ ጋ ያ ማለት ለቺንጋው የላሜራ መከለያ፣ ለፈጪው የአፍ መሸፈኛና ጠበብ ያለ ቱታ ነው። ለደንበኛም መቆሚያ መስመር ይበጅ። የዱቄቱን ብናኝ ማንም አይቆጥረውም፤ ሳንባ ግን ይቆጥረዋል።

ቀጥሎ ወረቀት ነው። እኛ ጋ ሰው የሚቀጠረው በእምነት ነው። የአክስት ልጅ ይመጣል፣ «እንግዲህ እየሠራህ እንተያያለን» ይባላል፣ ሦስት ዓመት ይሞላዋል። በቃል መቅጠር በራሱ ጥፋት አይደለም። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ ግን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዙንና የመሳሰለውን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት። ደብዳቤ አለመስጠቱ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም፤ የሚጎዳው ራሱን ነው፣ ክርክር ሲመጣ የሚያሳየው የለማ። ከዚህ ሌላ ደመወዝ፣ የእረፍት ቀንና የደረሰ አደጋ የሚመዘገብበት መዝገብ ያስፈልጋል። አንድ ደብተር ይበቃል፣ ካልተዘለለ።

ሰዓት ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ገበያ ቀን ከዚህ ቢያልፍ ትርፍ ሰዓት ነው፣ ቀን ከሆነ በ1.5 እጥፍ ይከፈላል። ትርፉም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። በዓልስ? በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም ጎጃም ውስጥ ማረሻ የማያነሳ ገበሬ ሞልቷል፣ ያን ቀን ወፍጮውን የሚዘጋም አለ። ደስ ይላል፣ ግን ሕጉ ሕዝባዊ በዓል የሚለው እነ ጥምቀትን፣ እነ አድዋን ነው። በእነዚያ ቀን ያሠራ ለመደበኛው ሰዓት 2 እጥፍ፣ ለትርፍ ሰዓቱ ደግሞ 2.5 እጥፍ ይከፍላል። በ21 የዘጋ ሰው «በዓል አክብሬላቸዋለሁ» ብሎ የጥምቀቱን ሊያካክስ አይችልም።

አደጋ ከደረሰ ነገሩ ይከብዳል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሰክሮ ከገባ ወይም በግልጽ የተነገረውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ከተጎዳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «በግልጽ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። አንዴ በጩኸት መሃል «ተጠንቀቅ» ማለት መመሪያ አይባልም። በአማርኛ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ማንበብ ለማይችል ማሳየት፣ ማስፈረም ነው። አደጋውም ተመዝግቦ ለቁጥጥር አገልግሎቱ ይነገራል።

ከሁሉ በፊት ግን ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የቺንጋውን ልክ ለኩና ብየዳ ቤት ሂዱ። ደብተሩን ስትመለሱ ትገዛላችሁ።