ጠያቂ የሌለው ታራሚ፦ በማሳደጊያ ስላደጉ እስረኞች የሚወራው እና እውነታው

«እገሌ እኮ አንድም ጠያቂ የለው፤ ዘመዶቹ እንኳ አንቅረው የተፉት ነው።» ባሕር ዳር ሰባታሚት ማረሚያ ቤት በር ላይ ስንቅ አንጠልጥሎ ከቆመ ሰው አፍ ይህ አይጠፋም። ዘመድ የሚተፋው መጀመሪያ ዘመድ ሲኖር ነው። ከሕፃናት ማሳደጊያ በ18 ዓመቱ የወጣ ሰው ሲታሰር ስንቅ የምታቀብል እናት፣ ዋስ የሚሆን አጎት፣ ጠበቃ የሚያፈላልግ ወንድም የለውም። ያሳደጉት ሞግዚቶች ሥራ ቀይረዋል፤ አብሮ አደጎቹ ተበትነዋል፤ መታሰሩን የሰማም የለ። ሌላው ከቤት የመጣ እንጀራ ሲቆርስ እሱ የማረሚያ ቤቱን ብቻ ይበላል፤ ለሳሙና ሲል የሰው ልብስ ያጥባል። ከዚህ ላይ ክፋቱን ያነበበ ሰው ምን አይቶ እንደሆነ እሱ ይወቅ።

የዚህ ወሬ ታናሽ ወንድም «ዘመድ ካልሆንክ አያስገቡህም» የሚለው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 ታራሚን ሊጎበኙ የሚችሉትን ሲዘረዝር ጓደኛንና የሃይማኖት አማካሪን ከቅርብ ዘመድ ጋር አብሮ ጠቅሷል። አብሮ አደግም ሆነ የቀድሞ ሞግዚት መጠየቅ ይችላሉ። የሚያደናቅፈው ስም ነው። አባቱ ላልታወቀ ልጅ ማሳደጊያው የአባት ስም ያወጣለታል፤ ትምህርት ቤት ሲገባ አያት ይጨመርለታል፤ ፖሊስ ጣቢያ ደግሞ ሌላ ተጽፎ ይገኛል። «ማሙሽን ጥሩልኝ» ብትሉ «እንዲህ ያለ ታራሚ የለም» ትባላላችሁ። ስለዚህ አስቀድማችሁ በክሱ ላይ የተጻፈውን ስም እስከ አያት፣ ከመዝገብ ቁጥሩ ጋር፣ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ያዙ። መታወቂያችሁ የታደሰ ይሁን። ምግቡን በፕላስቲክ ዕቃ አድርጉት፤ ጠርሙስና ስለት ይቅር፤ በር ላይ ቅመሱ ከተባላችሁ አትቆጡ። ደግሞ መጀመሪያ ቀን አምስት ኪሎ ሙዝ ተሸክሞ መጥቶ ዳግመኛ የማይታይ ጠያቂ አለ። በየወሩ ሁለት ሳሙናና አንድ ኪሎ በሶ ይሻላል፤ በሶ ቶሎ አይበላሽም፣ እሳትም አይፈልግም።

«ማሳደጊያ ያደገ መጨረሻው ወህኒ ነው።» ሂሳቡን መገልበጥ ነው። በእንግሊዝና ዌልስ በተደረገ ጥናት ከተጠየቁት እስረኞች 24 በመቶው በልጅነታቸው ከቤተሰብ ውጭ በእንክብካቤ ሥር እንደነበሩ ተናግረዋል። ይህ ግን በእንክብካቤ ካደጉት 24 በመቶው ይታሰራሉ ማለት አይደለም።

«አስተዳደጉን ለዳኛ መንገር ልመና ነው።» የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 88 ቅጣት ሲወሰን የጥፋተኛው ያለፈ ሕይወት፣ የግል ሁኔታውና የትምህርት ደረጃው እንዲታዩ ያዛል። ቁም ነገሩ ጊዜው ላይ ነው። ይህ የሚቀርበው ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ፣ ቅጣቱ ከመወሰኑ በፊት፣ በቅጣት አስተያየት ነው፤ ያኔ ማሳደጊያው ገና ደብዳቤ ሊጽፍ ቢጀምር አይደርስም። ተከላካይ ጠበቃው ክሱ እንደተከፈተ፣ የገባበትና የወጣበት ቀን ያለበትን፣ ማኅተም የተደረገበት ደብዳቤ ያስወጣ። የመግቢያ ቅጹ ቅጂ አብሮ ይምጣ፤ ዕድሜም ያስረዳልና። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ስለሆነ ዛሬ አዋቂ የሆነው ታራሚ ሲወለድ ያልተመዘገበ ሊሆን ይችላል። ድርጊቱ ሲፈጸም ዕድሜው ከ15 እስከ 18 ከነበረ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል።

«አመክሮ ዘመድ ላለው ነው።» አመክሮን፣ ማለትም ቅጣት ሳያልቅ መፈታትን፣ የሚደነግገው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 ስለ ዘመድ አያነሳም። የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ መፈጸም (9 ዓመት ለተፈረደበት 6 ዓመት)፣ መልካም ጠባይና ጉዳቱን በአቅም መካስ ነው የሚጠይቀው። ዘመድ የሚያስፈልገው ከበር ከወጣ በኋላ ነው፦ ቤት አከራይ ዋስ ይላል፣ ቀጣሪ ዋስ ይላል፣ ቀበሌ የቤት ቁጥር ይላል። የሚያስጠጋው ሰው ካለ ከመፈታቱ በፊት ቀበሌ ሄዶ ምን ምን እንደሚጠየቅ ይጠይቅለት። ታራሚውም የመፈታት ደብዳቤውን ሦስት ኮፒ ያድርግ፤ ዋናውን ለማንም ትቶ አይሂድ።