«ማይ ፌር ሌዲ» በሸክላና በፊልም

«ማይ ፌር ሌዲ» ማርች 15 ቀን 1956 ኒውዮርክ በሚገኘው ማርክ ሄሊንገር ቲያትር ለመጀመሪያ ጊዜ ታይቶ እስከ ሴፕቴምበር 1962 ድረስ 2,717 ጊዜ የቀረበ የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ተውኔት ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጽሑፉና የዘፈን ግጥሞቹ የአለን ጄይ ለርነር፣ ዜማዎቹ የፍሬደሪክ ሎው ናቸው፤ ለመድረክ ያዘጋጀው ሞስ ሃርት ነው። ታሪኩ ከጆርጅ በርናርድ ሾው «ፒግማሊዮን» ተውኔት የተወሰደ ነው። ሄንሪ ሂጊንስ የተባለ የሥነ ድምፅ ምሁር፣ ኤላይዛ ዱሊትል የተባለች አበባ ሻጭ አነጋገሯን አርሜ በስድስት ወር ውስጥ ከመኳንንት መሃል የማትለይ እመቤት አደርጋታለሁ ብሎ ከኮሎኔል ፒከሪንግ ጋር ይወራረዳል።

መድረኩን በዓይኑ ያየው ሰው ጥቂት ነው። ሥራው በዓለም የተዳረሰው በሸክላና በ1964ቱ ፊልም ነው። በ1956 በኒውዮርክ፣ በ1959 በለንደን፣ ከዚያም ለፊልሙ የተቀዱት ሦስቱ ዋና ቅጂዎች አንድ ሂጊንስ አላቸው፤ ሬክስ ሃሪሰን። የኤላይዛን አባት የተጫወተውም በሦስቱም ስታንሊ ሆሎዌይ ነው። ኤላይዛ ግን በሁለቱ ሸክላዎች ጁሊ አንድሩስ ስትሆን በፊልሙ መልኩ የአንዲት ሴት፣ ዘፈኑ በአብዛኛው የሌላ ነው። ቅጂዎቹን እያፈራረቀ የሚያዳምጥ ሰው የሦስት ዘመን የቀረጻ ጥበብ አንድን ሥራ ምን ያህል እንደሚለውጠው በጆሮው ይለየዋል።

ሾው በሕይወት ሳለ «ፒግማሊዮን» ሙዚቃዊ ተውኔት እንዲሆን አልፈቀደም። እሱ በ1950 ከሞተ በኋላ ለርነርና ሎው ሞክረው ተዉት፤ በ1954 እንደገና አነሡት። ከተውኔቱ ጽሑፍ ይልቅ ብዙ የጠቀማቸው በ1938 የተሠራው የ«ፒግማሊዮን» ፊልም ነው። «ዘ ሬይን ኢን ስፔይን» (የስፔን ዝናብ) የተባለው ታዋቂ ዘፈን የተመሠረተበት ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው ተውኔት የለም፤ የመጣው ከዚያ ፊልም ነው። ኤላይዛ በለንደን ድሆች አነጋገር «ሬይን»ን «ራይን»፣ «ስፔይን»ን «ስፓይን» ስለምትል፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ይህን አንድ አናባቢ ለማረም የተሠራች የልምምድ ቃል ናት።

የ1956ቱ ሸክላ

የዚህ ቅጂ ታሪክ ከተውኔቱ ገንዘብ አይነጠልም። የኮሎምቢያ ሬከርድስ ኃላፊ ጎዳርድ ሊበርሰን የእናት ኩባንያውን የሲቢኤስን ሊቀ መንበር ዊሊያም ፔሊን አሳምኖ፣ ሲቢኤስ የተውኔቱን ወጪ ሙሉ በሙሉ ሸፈነ። በምላሹም የሸክላው መብት የኮሎምቢያ ሆነ። የተዋንያን አልበም ያን ጊዜ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ዴካ የተባለው የሸክላ ኩባንያ በ1943 «ኦክላሆማ!» የተባለውን ሙዚቃዊ ተውኔት ከቀዳ ወዲህ ገበያው ተለምዷል። በ1948 ኮሎምቢያ ያወጣው ረጅም ሸክላ (ኤልፒ) ደግሞ አንድ ተውኔት በአንድ ሳህን እንዲገባ አስቻለ። ሆኖም ኩባንያው የተውኔቱ ባለገንዘብም የአልበሙ አሳታሚም ሲሆን ውጤቱ ይህን ያህል አልታየም ነበር።

ቀረጻው ተውኔቱ ከተከፈተ በ10ኛው ቀን፣ እሑድ ማርች 25፣ በአንድ ቀን ተጠናቀቀ። እሑድ የተመረጠው ተዋንያኑ መድረክ የማይወጡበት ቀን ስለሆነ ነው። ቦታው በማንሃተን 30ኛው መንገድ ላይ የነበረው የኮሎምቢያ ስቱዲዮ ነው። ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ነበርና ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ድምፁን ሳያምቅ የሚመልስ አዳራሽ ነው። የጃዝ ወዳጆች ማይልስ ዴቪስ በ1959 «ካይንድ ኦፍ ብሉ»ን የቀዳበት ቤት መሆኑን ያውቃሉ። ኦርኬስትራውን የመራው በየምሽቱ ቲያትር ቤት የሚመራው ፍራንዝ አለርስ ሲሆን ቅንብሩ የሮበርት ራስል ቤኔትና የፊሊፕ ላንግ ነው።

የረጅም ሸክላ አንድ ገጽ በጥሩ ጥራት የሚይዘው 25 ደቂቃ ገደማ ነው። ሦስት ሰዓት የሚጠጋውን ተውኔት ወደ 50 ደቂቃ ማውረድ ግድ ስለነበር ንግግሩ በሙሉ ማለት ይቻላል ወጣ፤ የግብዣው ዳንስ ሙዚቃም ቀረ። ንግግር የተተወው ዘፈኑ ካለሱ በማይቆምበት ቦታ ብቻ ነው፤ «ዩ ዲድ ኢት» (አደረግኸው) ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስለዚህ ታሪኩን የማያውቅ ሰው ሸክላውን ብቻ ሰምቶ ኤላይዛ ለምን እንደተቆጣች አይገባውም። ከማዳመጥ በፊት የትዕይንቶቹን ቅደም ተከተል ማንበብ ብዙ ይረዳል።

ሃሪሰን ዘፋኝ አልነበረም። ሎው ይህን አውቆ ዜማውን ለኦርኬስትራው ሰጠውና ተዋናዩ ግጥሙን በምቱ ላይ እየተናገረ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ኖታ እየነካ እንዲያልፍ አደረገ። «አይቭ ግሮውን አከስተምድ ቱ ሄር ፌስ» (ፊቷን ለመድኩት) በሚለው መዝጊያ ዘፈን ዋሽንቶቹና ባለክር መሣሪያዎቹ ዜማውን ሲይዙ እሱ ከላይ የሚያስብ ይመስላል። ይህ ዘዴ በኋላ ለፊልሙ ሰዎች ትልቅ ራስ ምታት ሆነ።

አልበሙ በቢልቦርድ፣ ማለትም በአሜሪካ የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ፣ አንደኛ ወጣ፤ በድምሩም 480 ሳምንታት በሰንጠረዡ ቆየ። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው፦ ሞኖ ነው፤ ድምፁ ሁሉ በአንድ መስመር ይመጣል። ድምፁን በግራና በቀኝ የሚለየው ስቴሪዮ ሸክላ ለገበያ የበቃው ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር።

ስቴሪዮው የለንደን ነው

ተውኔቱ ኤፕሪል 30 ቀን 1958 በለንደን ድሩሪ ሌን ሮያል ቲያትር ሲከፈት ዋናዎቹ ተዋንያን አብረው ሄዱ። ኮሎምቢያ ዕድሉን ተጠቅሞ በ1959 መጀመሪያ እዚያው በስቴሪዮ አስቀዳቸው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ገዢ የሚሳሳተው። የሁለቱም ሸክላዎች ሽፋን የካርቱን ሠዓሊው የአል ሂርሽፌልድ ያው ሥዕል ነው፤ ሾው ከደመና ላይ ሆኖ ሂጊንስን በክር ያንቀሳቅሳል፣ ሂጊንስ ደግሞ ኤላይዛን። ስቴሪዮ የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው የ1956ቱን በተሻለ ጥራት የገዛ ይመስለዋል። መለያው የካታሎግ ቁጥሩ ነው፦ «ኦኤል 5090» የኒውዮርኩ ሞኖ፣ «ኦኤስ 2015» የለንደኑ ስቴሪዮ ነው። ቁጥሩ ከጠፋ ፍሬዲን፣ ማለትም ኤላይዛን የሚያፈቅረውን ወጣት፣ የተጫወተውን ሰው ስም ማየት ይበቃል፤ ጆን ማይክል ኪንግ ከሆነ ኒውዮርክ፣ ሌናርድ ዊር ከሆነ ለንደን ነው።

በጥራት የለንደኑ ይበልጣል፤ መዘምራኑ ተዘርግተው ይሰማሉ፣ የአንድሩስ ድምፅም ሞልቷል። ቢሆንም መጀመሪያ መደመጥ ያለበት የ1956ቱ ነው። በዚያ ቀን አንድሩስ የ20 ዓመት ልጅ ነበረች፤ «ጀስት ዩ ዌይት» (ቆይ ብቻ) ላይ ያለው ቁጣ ትኩስ ነው። ሃሪሰንም ገና ዘፈኑን እየፈራው በምቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በለንደኑ ሚናውን ስለተካነው እንዳሻው ይዘገያል፣ እንዳሻው ይቀድማል፤ ቀልዱ ይደምቃል፣ ጥድፊያው ግን ላልቷል።

ከእነዚህ ውጪ ብዙ ቅጂዎች አሉ። በ1987 የኦፔራ ዘፋኟ ኪሪ ቴ ካናዋና ተዋናዩ ጀረሚ አይረንስ በጆን ማውቸሪ መሪነት በስቱዲዮ የቀዱት ኦርኬስትራው በሙላት የሚሰማበት ነው። በዕብራይስጥ ደግሞ የቲያትር አቅራቢው ጊዮራ ጎዲክ በ1964 በእስራኤል ያቀረበው ትርጉም የስፔኑን ዝናብ በረዶ አድርጎታል፦ «ባራድ ያራድ ቢድሮም ስፋራድ ሃዔሬቭ»፣ ማለትም ዛሬ ማታ በደቡብ ስፔን በረዶ ወረደ። እስራኤል ያደጉ አማርኛ ተናጋሪዎች ሐረጓን ከተውኔቱ ሳይሆን ከሰው አፍ ሰምተዋት ይሆናል። ተርጓሚዎቹ ትርጉሙን ትተው ቤት የሚመታውን ድምፅ መከተላቸው ትክክል ነበር፤ ዘፈኑ ስለ ዝናብ አይደለምና።

ፊልሙ

የዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ ኃላፊ ጃክ ዋርነር የፊልም መብቱን ከሲቢኤስ በ5.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ የፊልሙ ጠቅላላ ወጪ ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። አዘጋጁ ጆርጅ ኪውከር፣ የአልባሳቱ ነዳፊ የመድረኩንም የሠራው ሴሲል ቢተን ነው። ዋርነር በፊልም ያልታወቀችውን አንድሩስን ትቶ ኦድሪ ሄፕበርንን በ1 ሚሊዮን ዶላር ቀጠረ።

በጊዜው የተለመደው አሠራር ዘፈኑን ቀድሞ በስቱዲዮ ቀድቶ፣ በቀረጻው ቦታ በድምፅ ማጉያ እያጫወቱ ተዋናዩ ከንፈሩን እንዲያዛምድ ማድረግ ነበር። ሃሪሰን እምቢ አለ። ዘፈኑን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ስለማይለው የዛሬ ከንፈሩ ከትናንት ድምፁ ጋር አይገጥምም። መፍትሔው በከረባቱ ውስጥ የተደበቀ ገመድ አልባ ማይክሮፎን ሆነ፤ በፊልም ቀረጻ ላይ ከዋሉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። እሱ በቀጥታ ተጫወተ፣ ኦርኬስትራው ደግሞ በአንድሬ ፕሬቪን መሪነት በኋላ ድምፁን እየተከተለ ተቀዳ። ፕሬቪን ለዜማዎቹ እንግዳ አልነበረም፤ በ1956 ከከበሮ መቺው ሼሊ ማን ጋር በጃዝ ተጫውቷቸው ያ ሸክላም በሰፊው ተሸጦ ነበር።

የሄፕበርን ነገር አሳዛኝ ነው። ዘፈኖቿን ለምዳ ቀድታለች፤ ድምፄ ይቀራል ብላም ጠብቃለች። በመጨረሻ ግን አብዛኛው በማርኒ ኒክሰን ተተካ፤ ኒክሰን ቀደም ሲል በ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ፊልም ለናታሊ ዉድ የዘፈነች ናት። ፍሬዲን የተጫወተው ጀረሚ ብሬትም በቢል ሸርሊ ተተክቷል። መጋጠሚያውን ለመስማት «ጀስት ዩ ዌይት» ይበቃል፦ ሻካራው መጀመሪያ የሄፕበርን ነው፤ ኤላይዛ ዝነኛ ሆና ከንጉሡ ፊት ስትቆም የምታልምበት፣ ዜማው ወደ ላይ የሚወጣበት ክፍል የኒክሰን ነው፤ ቁጣው ሲመለስ ሄፕበርንም ትመለሳለች። ልዩነቱ የትንፋሽ ነው፤ አንዷ ትናገራለች፣ ሌላዋ ትዘፍናለች።

170 ደቂቃ የሚረዝመው ፊልም ኦክቶበር 21 ቀን 1964 ኒውዮርክ ላይ ተመረቀ። ከ12 የኦስካር እጩነቶች 8ቱን አሸነፈ፤ ምርጥ ፊልም፣ አዘጋጅ፣ መሪ ተዋናይና ድምፅ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ሄፕበርን ግን በእጩነትም አልቀረበችም፤ በዚያው ዓመት የምርጥ ተዋናይቷን ሽልማት የወሰደችው አንድሩስ ናት፣ በ«ሜሪ ፖፒንስ»።

ፊልሙ የተነሣበት ዋናው የ65 ሚሊሜትር ኔጋቲቭ በአያያዝ ጉድለት ተጎድቶ ስለነበር ሮበርት ሃሪስና ጄምስ ካትስ በ1994 አደሱት። በ2015 ደግሞ ከፍ ባለ የዲጂታል ጥራት (በ8ኬ) ተነብቦ በ4ኬ እንደገና ተሠራ። ፊልሙን በቤቱ ለማየት የሚገዛ ሰው ይህንን የኋለኛውን እትም ቢይዝ ይሻላል። በፊልሙ ዲስኮች ተጨማሪ ክፍል ላይ «ዉድንት ኢት ቢ ለቨርሊ» (እንዴት ደስ ባለ) እና «ሾው ሚ» (አሳየኝ) በሄፕበርን በራሷ ድምፅ ከምስሉ ጋር ተገጥመው ይገኛሉ። የመጀመሪያው ከፍ ባለው ኖታ ላይ ይሳሳል። «ሾው ሚ» ግን ቃል የሰለቻት ሴት የምትጮኸው ዘፈን ነውና የእሷ ሻካራ ድምፅ ከኒክሰን የጠራ ድምፅ ይልቅ ከፊቷ ጋር ይሄዳል።