የኢትዮ ቴሌኮም ገቢና ትርፍ፦ ከታሪፍ ቅናሹ እስከ አክሲዮን ሽያጩ

አገሬው ዛሬም «ቴሌ» ነው የሚለው። ስሙ ስንቴ ቢቀያየርም ማንም አልለመደውም። ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። ከአዲስ አበባ ሐረር የተዘረጋው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። በ1945 የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ በ1989 ደግሞ ኮርፖሬሽን ሆነ። ኢንተርኔት በዚያው አመት፣ ሞባይል በ1991 ተጀመረ።

በኮርፖሬሽኑ ዘመን ቴሌ የምትታለብ ላም ትባል ነበር። አባባሉ ስድብም ሙገሳም ነው። ትርፏ ወደ መንግስት ካዝና ይገባል፤ ኔትወርክ ለመዘርጋት ግን ከቻይና ትበደራለች። ከቻይናው የመሳሪያ አቅራቢ ዜድቲኢ ጋር የተፈረመው የመጀመሪያው ትልቅ ውል 1.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በ2005 ለሁዋዌና ለዜድቲኢ እኩል የተከፈለ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ስራ ተሰጠ። ሁለቱም ውሎች «አሁን ስሩ፣ በኋላ እንከፍላለን» የሚባሉ አይነት ናቸው። እዳው በዶላር፣ ገቢው በብር። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ኢትዮ ቴሌኮም የተባለው ህዳር 20 ቀን 2003 ነው። ለሁለት አመት ያህል ፍራንስ ቴሌኮም አስተዳደረው።

ሂሳቡ ዝርዝር ብሎ ለህዝብ የሚነገረው ከ2010 ወዲህ ነው። በዚያ አመት ሐምሌ ላይ ፍሬሕይወት ታምሩ ዋና ስራ አስፈጻሚ ሆኑ። ወር ገደማ ሳይሞላ፣ ነሐሴ ላይ፣ ታሪፍ ተቆረጠ። የድምጽ ጥሪ በ40 በመቶ፣ የሞባይል ዳታ በ43 በመቶ ወረደ። ያኔ ብዙ ሰው ገቢው ይወድቃል ብሎ ፈርቶ ነበር። አልወደቀም። ዋጋው ሲቀንስ ሰው አብዝቶ ደወለ፣ አብዝቶ ዳታ ገዛ። በእኔ እምነት በተቋሙ የቅርብ ታሪክ ከዚህ የተሻለ ውሳኔ የለም።

ቁጥሮቹ እነሆ፤ በጀት አመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። በ2011 ገቢው 36.3 ቢሊዮን ብር ነበር። በ2012 ወደ 47.7 ቢሊዮን፣ በ2013 ወደ 56.5 ቢሊዮን ወጣ። 2014 ላይ 61.3 ቢሊዮን ደረሰ፤ እድገቱ ቀዝቀዝ ያለበት አመት ይኸ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጣቢያዎች ተዘግተዋል፣ ፋይበር ተበጥሷል። የእድገቱ መቀዝቀዝ ስንቱ ከጦርነቱ፣ ስንቱ ከሌላ ነገር እንደሆነ ማከራከሩ አይቀርም። በ2015 እንደገና ወደ 75.8 ቢሊዮን፣ በ2016 ወደ 93.7 ቢሊዮን ብር ተተኮሰ። የ2016 የተጣራ ትርፍ ወደ 22 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው።

የሚገርመው ይህ ሁሉ የሆነው ተፎካካሪ እየመጣ መሆኑ ነው። ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት በግንቦት 2013 ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ፣ መስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። የቴሌ ደንበኛ ግን ከ66.6 ሚሊዮን (2014) ወደ 78.3 ሚሊዮን (2016) አደገ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አንድ ሰው ሁለት ሲም ሲይዝ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

ግንቦት 3 ቀን 2013 የተጀመረው ቴሌብር ሌላው መሰረት ነው። በ2017 መጨረሻ ተጠቃሚው ወደ 55 ሚሊዮን ተጠግቷል። ከአየር ሰዓት መሙያ ተነስቶ ነዳጅ መክፈያ፣ ብድር መውሰጃ፣ ቁጠባ ማስቀመጫ ሆኗል። በእርግጥ በቴሌብር የሚዘዋወረው ትሪሊዮን ብር የቴሌ ገቢ አይደለም፤ ቴሌ የሚያገኘው የአገልግሎት ክፍያውን ብቻ ነው። አንዳንድ ዜና ሁለቱን ያምታታል።

ከዚያ 2017 መጣ። ገቢው 162 ቢሊዮን ብር! በአንድ አመት 73 በመቶ ገደማ ጨመረ። ደንበኛው 83.2 ሚሊዮን ነው። ስናካፍለው በ2016 ከአንድ ደንበኛ በወር 100 ብር ያህል ይገኝ ነበር፤ በ2017 ወደ 162 ብር ሆነ።

ታዲያ ከየት መጣ? የ2017 በጀት አመት እንደጀመረ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ አመቱ ሲያልቅ ከ130 አለፈ። ቴሌም በአዲሱ አመት መጀመሪያ የተወሰኑ አገልግሎቶች ላይ ዋጋ አስተካከለ። በዶላር ስናየው ስዕሉ ይገለበጣል። 93.7 ቢሊዮኑ በድሮው ይፋዊ ምንዛሪ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። 162 ቢሊዮኑ በአመቱ መጨረሻ ምንዛሪ ከ1.3 ቢሊዮን ያንሳል። በአመቱ አማካይ ምንዛሪ ቢሰላም የቀድሞውን አይደርስም። ለመሳሪያ አቅራቢዎች ያለው የዶላር እዳ በብር ሲታይ እጥፍ የሆነውም ያኔ ነው። በሌላ በኩል ደንበኛው የሚከፍለው በብር ነው፤ የድሮው 57 ብርም የጥቁር ገበያውን እውነት አያሳይም ነበር። ስለዚህ እድገቱን ባዶ ነው ማለት ለእኔ ግፍ ነው።

ጥቅምት 6 ቀን 2017 የቴሌ 10 በመቶ ድርሻ ለኢትዮጵያውያን ለሽያጭ ቀረበ። 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር፣ ትልቁ 3,333 አክሲዮን ነበር። ግዢው በቴሌብር ነው። ቀኑ ተራዝሞ እስከ የካቲት 7 ቀጠለ። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን፣ የተሰበሰበው 3.2 ቢሊዮን ብር፣ የገዛው ደግሞ 47,377 ሰው ነው። ከታሰበው አንድ አስረኛ ገደማ። ለመጀመሪያ ሙከራ አይከፋም የሚሉ አሉ፤ ዋጋው ውድ ነበር የሚሉም አሉ። ቀሪው 99 በመቶ የሚጠጋው ድርሻ ዛሬም በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ በኩል የመንግስት ነው።