ዘራፊ ሁሉ አሸባሪ ነው?

ደሴ ቡና ላይ ተቀምጠን «ሹፌሩን አግተው ብር ጠየቁ፤ እነዚህ አሸባሪዎች!» ሲባል በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ንዴቱ ይገባኛል፤ ልጇ ታግቶባት ስልኳን በእጇ ይዛ የምታድር እናት አይቻለሁና። ሕጉ ግን ዘራፊንና አሸባሪን ይለያቸዋል።

የሽብር ወንጀልን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1176/2012 መጀመሪያ የሚያየው የድርጊቱን ዓላማ ነው። የፖለቲካ፣ የሃይማኖት ወይም የርዕዮተ ዓለም ዓላማ ለማራመድ ሲል፣ ሕዝብን ለማሸበር ወይም መንግሥትን ለማስገደድ የገደለ፣ ያገተ፣ ንብረት ያወደመ፣ እሱ ሽብር ፈጽሟል። ከሐይቅ የሚመጣ ሹፌርን ለብሩ ብቻ ያገተ ግን በወንጀል ሕጉ ይጠየቃል፤ ጥፋቱ አነሰ ማለት አይደለም። ሰላማዊ ሰልፍም አገልግሎት ስላስተጓጎለ ብቻ ሽብር አይሆንም።

ድርጅትን በአሸባሪነት የሚሰይመው ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንጂ የሰፈር ወሬ አይደለም። ጎረቤትን በብሔሩ ወይም በእምነቱ «አሸባሪ» ማለትን አዋጁ አያውቀውም።