በርንአውት ምንድን ነው?

ሰኔ ሲገባ የሒሳብ ክፍል ሰው ቤቱን ረስቶ ይከርማል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሰነዱ ተቆልሏል፣ የንብረት ቆጠራው አላለቀም፣ ኦዲተሩ ደግሞ ደጅ ቆሟል። ሐምሌ ላይ እንቅልፉን ሲጠግብ ግን ጉልበቱም ጨዋታውም ይመለስለታል። ይሄ ድካም ነው። ሐምሌ መጥቶ፣ ነሐሴም አልፎ፣ ያው ሰው አሁንም የመሥሪያ ቤቱን በር ገና ከሩቅ ሲያይ የሚጨልምበት ከሆነ ነገሩ ከድካም አልፏል። በርንአውት የሚሉት ይህንን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ በርንአውትን ከበሽታ አልቆጠረውም። መላ ሳይበጅለት ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚያመጣው ክስተት ነው ይለዋል። ሦስት መገለጫዎች አሉት፦ አቅም ተሟጦ ማለቅ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅና ሥራውን በምሬት ወይም በንቀት ማየት፣ የሥራ ውጤት መቀነስ።

የመጀመሪያውን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን ሁለተኛው ነው። ደንበኞቿን በስም እየጠራች ታስተናግድ የነበረች የባንክ ሠራተኛ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም» ማለት ትጀምራለች። በሽተኛውን «አባቴ» ይል የነበረ ነርስ «አልጋ ሰባት» ማለት ይቀናዋል። ስብሰባ ላይ ሐሳብ የማያልቅበት ሰው ጥግ ይዞ ያሽሟጥጣል። ከሥራው ጋር ሆድና ጀርባ ሆኗል ማለት ነው። አለቃ ይህን ሲያይ ጠባዩ ተበላሸ ወይም ሰነፈ ብሎ ይደመድምና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው የሚያባብሰው እንጂ የሚያሽለው ነገር ግን የለም፤ ሰውየው እንዲህ የሆነው የቀረችውን ጥቂት አቅም ለማዳን ሲል ነውና።

በነገራችን ላይ በርንአውት የሰነፍ ችግር አለመሆኑ ከመነሻው የታወቀ ነው። ስለ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1974 የጻፈው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ነገሩን ያየው ኒው ዮርክ ውስጥ በነፃ በሚያክም ክሊኒክ ነበር። እዚያ የሚሠሩት ከልባቸው ለመርዳት የመጡ ሰዎች ነበሩ። የዛሉት እነሱ ናቸው፤ እሱም ራሱ ጭምር።

ከእሱ በኋላ በርንአውትን መለኪያ ያበጀችለት የካሊፎርኒያዋ ተመራማሪ ክርስቲና ማስላክ ናት። መጠይቋ እ.ኤ.አ. በ1981 ታተመ። እሷና ባልደረባዋ ማይክል ላይተር ምንጩን ስድስት ቦታ ይፈልጉታል፦ የሥራ ብዛት፣ በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን፣ ለልፋት ዋጋ ማግኘት፣ የባልደረቦች ግንኙነት፣ ፍትሕ፣ እና ሠራተኛው የሚያምንበት ነገር ከሚታዘዘው ጋር መግጠሙ። ስለ በርንአውት ሲወራ ሁሉም ወደ ሥራ ብዛት ይሮጣል። እኔ ግን ፍትሕ ቢቀድም እላለሁ። ሰው ብዙ ሥራ ይችላል፤ እሱ እያመሸ እድገቱ ለሌላ ሲሰጥ ማየት ግን አይችልም።

ስድስቱም ነገሮች የአሠራር ጉዳዮች መሆናቸው ሊጤን ይገባል። መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛው አእምሮ አሰብን ሲሉ የሚያቀርቡት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው፦ መስከረም መጨረሻ ላይ በሚውለው የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን አንድ ንግግር፣ የግማሽ ቀን ሥልጠና፣ በዓመት አንዴ ቢሾፍቱ ቲም ቢልዲንግ። ቢሾፍቱን የሚጠላ የለም። ግን ሰኞ ሲመለሱ የሁለት ቀን ሥራ ተደርቦ ይጠብቃል። እንግሊዝ አገር ከ46 ሺህ በላይ ሠራተኞችን ያየ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናትም የጭንቀት መቋቋሚያ ሥልጠናና የሞባይል መተግበሪያ ያገኙት ካላገኙት የተሻለ ደኅንነት እንዳልታየባቸው አመልክቷል።

ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ምን ይደረግ? ሰኔ በየዓመቱ ይመጣል፤ ድንገተኛ አይደለም። ቆጠራውን ሚያዝያ ላይ መጀመር፣ ለሁለት ወር ጊዜያዊ ሠራተኛ መቅጠር ይቻላል። መስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያስጨንቅበት ወር ስለሆነ ያኔ ደመወዝ በሦስት ቀን መዘግየቱ እንደ ሌላው ወር አይደለም። ፈቃድም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥ በመርህ ደረጃ የተከለከለ ሲሆን፣ ፈቃድ የወጣን ሰው መልሶ መጥራትም የሚቻለው አስቀድሞ ያልታሰበ ሁኔታ ሲገጥም ነው። በቴሌግራም «አንድ ጊዜ ይህችን ፋይል ብቻ» እያሉ ፈቃዱን ሥራ ማድረግ ግን የተለመደ ነው። ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ አዋጁ ገድቧል። ይህን ብቻ ያከበረ ድርጅት ከብዙ ሥልጠና ይልቅ ሠራተኛውን ጠቅሟል።

የቅርብ አለቃም ብዙ ይወስናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ውስጥ ሥራ አስኪያጆች የሠራተኞቻቸውን የአእምሮ ጤና እንዲደግፉ ይሠልጥኑ የሚል ምክር አለ። «አይዞህ በርታ» የሚል አለቃ ሞልቷል፤ «ከእነዚህ ከአምስቱ የትኛውን ላንሳልህ?» የሚለው ግን ጥቂት ነው።

በመጨረሻ አንድ ጥንቃቄ። በርንአውት ከሥራ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከሥራ ሲርቁ ብዙ ጊዜ ፋታ ይሰጣል። ፈቃድ ላይ ተኩኖም እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ከልጆች ጋር መሳቅ ካቃተ፣ የመኖር ትርጉሙ ከጠፋ ድብርት ሊሆን ይችላልና ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ብዙ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ይደብቃል፤ መደበቁም አይፈረድበትም። የሕመም ፈቃዱ ግን በሐኪም ማስረጃ ነው የሚሰጠው፤ በአዋጁ መሠረት የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈልባቸዋል።