በስም የሚገዛ ዓርማ የለም፦ ስለ ቤተሰብ ማኅበር ዓርማ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ስማችን አንድ ነውና ዓርማውም የእኛ ነው።»
በስኮትላንድ ሕግ እንዲህ አይባልም። ዓርማ ማለትም በጋሻ ላይ የሚሣል መለያ ምልክት ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም አንድ ሰው ወይም አንድ ሕጋዊ አካል ነው። የሚሰጠው ሎርድ ላየን የተባለው ሹም ነው፤ መዝገቡም በ1672 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የጸና ነው። በስም እየተፈለገ በየመደብሩ የሚሸጠው «የቤተሰብ ዓርማ» አብዛኛውን ጊዜ ያው ስም የነበረው የሌላ ሰው ንብረት ነው።

የስኮትላንድ ጎሳ አባል የሚያደርገው ባጅ ግን ሌላ ነው። መሃሉ ላይ የአለቃው የራስ ቁር ጌጥ አለ፤ ዙሪያውን ዘለበት ያለው ቀበቶ ይከበዋል፤ መሪ ቃሉ ቀበቶው ላይ ይጻፋል። ቀበቶው «የአለቃው ወገን ነኝ» ማለት ነው። አለቃው ራሱ ቀበቶ የለውም፤ ክቡ ልሙጥ ሆኖ ከኋላው ሦስት የንስር ላባ ይቆማል።

«ማኅበሩ ዓርማ ካገኘ አባላቱም አገኙ።»
አላገኙም። ማኅበሩ በደብዳቤውና በሰንደቁ ይጠቀምበታል፤ አባል በግል ቀለበቱ ላይ ሊያስቀርጸው አይችልም።

«ቀይ ጀግንነት፣ ወርቅ ልግስና ነው።»
እንዲህ ያለው ዝርዝር ኋላ የመጣ ጭማሪ ነው። ምስሉ ብዙ ጊዜ የስም ጨዋታ ነው፦ የስኮትላንዶቹ ቦውዝ-ላየን ቤተሰብ ጋሻ ላይ ቀስትና አንበሳ አለ፤ የስሙም ድምፅ በእንግሊዝኛ ይኸው ነው። የቀለም ዋና ሥራ ከሩቅ መታየት ነው። ስለዚህ ወርቅና ብር «ማዕድን» ይባላሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ደግሞ «ቀለም»። ቀለም በቀለም፣ ማዕድን በማዕድን ላይ አይደረብም። ቀይ አንበሳ ጥቁር ጋሻ ላይ ሣሉና ራቅ ብላችሁ እዩት፤ ይጠፋል። አንበሳውን ወርቅ አድርጉት፣ ጥፍሩ ሳይቀር ይለያል።

«ዋናው ሥዕሉ ነው።»
ዋናው ዓርማውን በቃላት የሚገልጸው ጽሑፍ ነው፦ «በሰማያዊ መደብ ላይ በኋላ እግሩ የቆመ የወርቅ አንበሳ»። ሁለት ሠዓሊዎች ለየብቻ ቢሥሉትም ዓርማው አንድ ነው። የሚበላሸው የአንበሳው አቋም ሳይጻፍ ሲቀር ወይም ቀኝና ግራ ሲምታታ ነው። «ቀኝ» የሚባለው የጋሻው ያዥ ቀኝ ነው፤ ለተመልካች ግራ ይሆናል።

ጀርመን አገር ዓርማ ብዙ ጊዜ «ስሙን ለሚይዙ ተወላጆች ሁሉ» ተብሎ ይመዘገባል፤ በ1869 እ.ኤ.አ. በርሊን የተመሠረተው «ሄሮልድ» ማኅበር እንዲህ ያለ መዝገብ ይይዛል። ይህን አጻጻፍ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ እንዳለ ቢወስደው አይሠራለትም፤ የአባት ስም በየትውልዱ ስለሚለወጥ የመሥራቹ ስም ከልጅ ልጅ ላይ የለም። በመተዳደሪያ ደንቡ «የእገሌና የእገሊት ተወላጆች» ብሎ ሁለቱንም በሙሉ ስም መጻፍ ይሻላል።